እውነቱን ልጻፍ ወይስ የሚያሳልፈውን?

(ለሰው ሀብት ባለሙያዎችና ለተመራቂ ተማሪዎች በተዘጋጀ መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔም ደህና ነኝ።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የየድርጅቱ ኃላፊዎች፣ ከኋላ የተደረደራችሁ የዘንድሮ ተመራቂዎች፤ በሥራ ቀን ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ተመራቂዎች፣ እስቲ ወደፊት ጠጋ በሉ፤ ወንበር አለ። ዛሬ የምናወራው ስለ እናንተ ስለሆነ ከሩቅ ባትሰሙት ደስ ይለኛል።

የተሰጠኝ ርዕስ የጽሑፍ ፈተናና የስብዕና መመዘኛ በሠራተኛ ቅጥር ላይ የሚል ነው። በዚህ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ተፈትኛለሁ፣ ፈትኛለሁ፣ አርሜያለሁ፤ በአንድ ነጥብ ልዩነት ሰው አሳልፌያለሁ፣ በአንድ ነጥብ ልዩነት ሰው ጥያለሁ። ሦስት ነገር እናገራለሁ፦ ስለ ጽሑፍ ፈተናው፣ ስለ ስብዕና መጠይቁ፣ በመጨረሻም ስለ ተፈታኙ ክብር። ሦስቱም ወደ አንድ ነገር ይሄዳሉ፤ ፈተና ከሥራው መወለድ አለበት። ከሥራው ያልተወለደ ፈተና ሰውን ያንገላታል እንጂ አይመዝንም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሥራ ሲያመለክት «እዚያ ቤት ሰው አለህ ወይ?» ተብሎ የማያውቅ አለ? እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም እጅ የለም። እኔም ተብያለሁ፤ እናቴ ራሷ ጠይቃኛለች። የጽሑፍ ፈተናን የምንወደው ለዚህ ነው። ወረቀት አጎት የለውም፤ ወረቀት የአገር ልጅ የለውም። ከገጠር መጥቶ ማንንም የማያውቅ ልጅ ከባለሥልጣን ልጅ ጋር እኩል የሚቀመጥበት አንድ ወንበር ቢኖር የፈተና ወንበር ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ፈተና ይቅር ብላ መጣች እንዳይለኝ። ፈተና ይቅር አላልኩም፤ አልልምም።

ቻይናዎች ይህን ከእኛ በፊት አውቀውታል። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ለመንግሥት ሹመት የሚፈተን ሰው ስሙ በወረቀት ተሸፍኖ ይታሸግ ነበር። ያም አልበቃቸውም። አራሚው የእጅ ጽሑፉን እንዳይለይ ጸሐፊዎች መልሱን በሙሉ በሌላ ወረቀት ይገለብጡት ነበር። ያ የፈተና ሥርዓት እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ዘልቋል። ዛሬ ኮምፒውተር ይዘን የተፈታኙን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ከላይ እያየን የምናርም ስንት ነን? ስም ሸፍኖ ቁጥር መስጠት፣ አንዱን ወረቀት ሁለት ሰው ለየብቻ እንዲያርመው ማድረግ ምን ያህል ያስወጣል? ምንም።

እኔ የመጀመሪያ ፈተናዬን የተፈተንኩት እንደተመረቅኩ ነው። አራት ኪሎ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቼ፣ ቆሜ አንብቤ፣ ማስታወቂያውን በእጄ ገልብጬ ነው የሄድኩት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ብዛት ሁለት፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት። የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሞልቶ ወንበር ስላልበቃ ግማሻችን ጭናችን ላይ ጻፍን። አንደኛው ጥያቄ የአንድ ሩቅ አገር ዋና ከተማ ማን እንደሚባል ይጠይቃል። ሌላው በማይል የተሰጠ ርቀት ወደ ኪሎ ሜትር እንድንቀይር ይጠይቃል። ደብዳቤ እንዴት ይመዘገባል፣ ፋይል እንዴት ይከፈታል፣ የጠፋ ፋይል እንዴት ይፈለጋል የሚል አንድም ጥያቄ አልነበረበትም። አንድም! ውጤቱ በሁለት ወሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ጥያቄው ቀድሞ የወጣላቸው ሰዎች እንደነበሩም ኋላ ሰማን። እስካሁን የሚቆጨኝ ግን መውጣቱ አይደለም። ባይወጣም ኖሮ ያ ፈተና ለመዝገብ ቤት የሚሆን ሰው አይመርጥም ነበር።

በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ ዱክ ፓወር የሚባል የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነበር። ጥቁር ሠራተኞች ክፍያው ዝቅተኛ ከሆነው ከጉልበት ሥራ ክፍል እንዲወጡ አይፈቀድላቸውም ነበር። በሥራ ቦታ የዘር አድልዎን የሚከለክለው ሕግ በ1965 እ.ኤ.አ. ተፈጻሚ በሆነበት ቀን ኩባንያው አዲስ መስፈርት አወጣ፤ ወደ ተሻለው ክፍል ለመግባት የሚፈልግ ሁለት የጽሑፍ ፈተና ይለፍ። ወረቀቱ ላይ ዘር የሚባል ቃል የለም፤ ፈተናው ለሁሉም እኩል ነው። ይሁን እንጂ በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ቀድሞ የገቡት ነጮች ያንን ፈተና ሳይፈተኑ ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ ነበር። ከጥቁር ሠራተኞቹ እነ ዊሊ ግሪግስ ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1971 እ.ኤ.አ. በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። የፍርዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ፈተና ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ካልታየ፣ አሠሪው ክፋት ባያስብ እንኳ፣ ሰው ማግለያ መሆን አይችልም።

ይህን የምነግራችሁ የሌላ አገር ሕግ ላስተምራችሁ አይደለም። ወደ ቤታችን እንድንመለከት ነው። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ ፈተናው ለምን በእንግሊዝኛ ይሆናል? ለጥበቃ፣ ለተላላኪ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሳይቀር ከኢንተርኔት የወረደ የእንግሊዝኛ አፕቲቲዩድ፣ ማለትም አጠቃላይ የችሎታ ፈተና፣ የምናድለው ለምንድን ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የተዘጋጀ ስለሆነ ነው። ሥራው ላይ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ማውጣት ስለሚያደክም ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። የታሸገ ምግብ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ሳለሁ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ፈለግን። ልክ እንደነገርኳችሁ ያለ ፈተና ሰጠሁ፤ የቁጥር ቅደም ተከተል፣ የእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላት። አንደኛ የወጣው ወጣት ከመቶ 87 አመጣ፤ ቀጠርነው። ብልህ ልጅ ነበር፣ ጨዋም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ቆጠራ ሲደረግ ከመደርደሪያው ጀርባ 43 ካርቶን ብስኩት ጊዜው አልፎበት ተገኘ። ልጁ አዲስ የገባውን ከፊት፣ የቆየውን ከኋላ እየደረደረ ነበር። ቀድሞ የገባ ቀድሞ እንደሚወጣ ማንም አልነገረውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሥራ አስኪያጁ ልጁን ሊቀጡት ሲሉ «ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው» አልኩ። የጠየቅሁትን መልሷል። ያልጠየቅሁትን ከየት ያምጣው?

በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሰው ስንፈልግ ፈተናውን መጋዘኑ ውስጥ አደረግሁት። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ በሙያው ያረጁ ትልቅ ሰው፣ ረዱኝ። 12 ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። የአገልግሎት ማብቂያ ቀናቸው የተለያየ ነው። አንድ ቢን ካርድ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ፣ አለ፤ ሆን ብለን ድምሩን አሳስተነዋል። አንድ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ አለ፤ በመንግሥት ቤት ሞዴል 19 የምንለው መሆኑ ነው። ለተፈታኙ የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ «ዕቃው አሁን ገባ፤ ተረከብ፣ መዝግብ፣ ደርድር። 40 ደቂቃ አለህ።»

ስድስት ሰው ተፈተነ። አምስቱ ከካርቶኑ ላይ «24 ፍሬ» የሚለውን አንብበው በ12 አባዝተው ጻፉ። ስድስተኛዋ ሴት ልጅ ነበረች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አድርጋ ካርቶኖቹን በእጇ አንድ በአንድ ከፍ ዝቅ አደረገቻቸው፤ ክብደት እየተሰማት ነው። ሰባተኛው ላይ ቆመች። እንደገና አነሳችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዘወር ብላ «አባባ፣ መቁረጫ አለ?» አለች። ማሸጊያውን ቀደደች፣ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ 23። ደረሰኙ ላይ «1 ጎድሏል» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቀኑን አደረገች። ሽማግሌው እኔን ቀና ብለው አዩኝና ምንም ሳይናገሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያቺ ልጅ በፊተኛው ዓመት የወረቀት ፈተና ላይ ተቀምጣ ነበር። አስራ አንደኛ ወጥታ ነበር። እኔ ነኝ የጣልኳት!

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሲኦሲን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን፣ ምዘና አስቡት። ብየዳ ለሚመዘን ሰው የንድፈ ሐሳብ ፈተና አለው፤ ግን በዚያ ብቻ አይለቁትም፤ ብረት ሰጥተው «በይድ» ይሉታል። ለበያጁ የምናውቀውን ለምን ለጸሐፊዋ፣ ለሒሳብ ሠራተኛው፣ ለገንዘብ ያዡ እንረሳዋለን? ለሒሳብ ሠራተኛው የባንክ ማስታረቂያ ስጡት። ለጸሐፊዋ የተዘበራረቀ ረቂቅ ደብዳቤ ስጧት። ለገንዘብ ያዡ አንዲት ኖት የጎደለባት የብር እስር ስጡት። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ የሰውን የወደፊት ሥራ በመተንበይ ከፊት ከተሰለፉት ዘዴዎች አንዱ የሥራውን ናሙና ማሠራት ሆኖ አግኝተውታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን እንደገና ሠርተው ብዙዎቹን ቁጥሮች ዝቅ አደረጓቸው፤ ከሁሉ በላይ የወጣውም ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት ነጥብ አሰጣጥ ያለው ቃለ መጠይቅ ነው። በደረጃው ይከራከራሉ፤ ወደ ሥራው በቀረብን መጠን ምዘናው እንደሚሻል ግን እኔ በመጋዘኑ ውስጥ አይቻለሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ፤ ስብዕና።

ጠዋት በር ላይ 10 ጥያቄ ሞልታችሁ ሰጥታችሁናል። አሁን የየስማችሁ ፖስታ ደርሷችኋል፤ ክፈቱት። በልባችሁ አንብቡት። «በትክክል ስለ እኔ ነው» የሚል እጁን ያውጣ። እ… ከግማሽ በላይ ነው። አሁን ወረቀቱን ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተለዋወጡ።

(በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ፣ ሳቅ)

አያችሁ? የሁላችሁም አንድ ነው። «ከላይ ጠንካራ ይመስላሉ፤ ውስጥዎን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ለሰው ሲያደርጉ ለራስዎ ይረሳሉ። ገና ያልወጣ ችሎታ አለዎት።» ይህን የማይል ሰው ማን አለ? በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር በ1948 እ.ኤ.አ. ለ39 ተማሪዎቹ ይህንኑ አድርጓል። ጽሑፉን የወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ተማሪዎቹ ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። በእኛም አገር ኮከብ ቆጣሪው ስምህንና የእናትህን ስም ፊደል ቆጥሮ «ቅን ነህ፤ ግን ሰው አይገባህም» ሲልህ የምትደነግጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ አሻሻጭ መጠይቅ ይዞ ቢሯችሁ መጥቶ «እስቲ ራስዎ ይሞክሩት፣ እንዴት እንደሚገልጽዎ ያያሉ» ሲላችሁ ጥንቃቄ አድርጉ። እናንተን መግለጹ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ያሳለፋቸው ሰዎች ሥራውን በደንብ ሠርተው መገኘታቸው ነው።

እነዚህ መጠይቆች ከየት መጡ? በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር በመድፍ ጩኸት መንፈሳቸው ሊሰበር የሚችሉ ወታደሮችን አስቀድሞ ለመለየት ፈለገ። ሮበርት ውድዎርዝ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ አዎ ወይም አይደለም የሚመለስ የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጀላቸው። ተጠናቆ ሥራ ላይ ሊውል ሲል ጦርነቱ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ለመጡት መጠይቆች ግን አባት ሆነ። ዛሬ ብዙዎቻችን በአራት ፊደል የምናውቀው፣ ሰውን በ16 ዓይነት የሚመድበው ማየርስ ብሪግስ የተባለው የስብዕና መጠይቅ ደግሞ የእናትና የልጅ ሥራ ነው። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ፣ የስዊዘርላንዱን የሥነ አእምሮ ሐኪም የካርል ዩንግን ሐሳብ ይዘው፣ ሁለቱም የሥነ ልቦና ትምህርት ሳይኖራቸው ያዘጋጁት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፦ የመመዘኛው አሳታሚ ድርጅት ራሱ ሠራተኛ ለመምረጥ አትጠቀሙበት ይላል። ራሱ ባለቤቱ! እኛ ግን ከኢንተርኔት አውርደን በፎቶ ኮፒ አባዝተን የሰው እንጀራ እንወስንበታለን።

ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ለገንዘብ ያዥነት ነበር። ካጣራናቸው መካከል 14 ሰዎች ተቀምጠው የስብዕና መጠይቅ ይሞላሉ፤ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። «በፍጹም አልስማማም» ከሚለው እስከ «እጅግ እስማማለሁ» ድረስ አምስት ሳጥን አለው። አንድ ልጅ እጁን አነሳ። ሸሚዙ የታጠበ፣ ኮሌታው ግን የሳሳ ነው። ሄድኩለት። ጣቱን አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ አድርጓል፦ «በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ እውነቱን ልጻፍ ወይስ የሚያሳልፈውን?» አለኝ። እኔም «እውነቱን ጻፍ እንጂ!» አልኩት። አመስግኖኝ ጻፈ። «አልስማማም» ብሎ ጻፈ።

በነጥብ አሰጣጣችን መሠረት ዝቅተኛ አመጣ። «ዋሽቼ አላውቅም» ያሉት አለፉ። እውነቱን ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እውነቱን በመጻፉ የጣልኩትም እኔ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ ስለ መመዘኛዎች አሠራር ስማር ምን አገኘሁ መሰላችሁ? እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በደንብ በተሠራ መጠይቅ ውስጥ የሚገባው ራሱን የሚያሳምረውን ሰው ለመያዝ ነው። ዋሽቼ አላውቅም የሚል ሰው ከሰው ልጆች መካከል የለምና፣ እንደዚያ ደጋግሞ የመለሰ ሰው ቀሪ መልሱም እንዲጠረጠር ነው። እኛ ጥያቄውን አገኘን፣ ቁልፉን አላገኘንም። ውሸት መያዣውን መሣሪያ ገልብጠን ይዘነዋል። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ስሙን ግን አልረሳሁትም።

ታዲያ ስብዕና ለሥራ ዋጋ የለውም ወይ? አለው እንጂ! ሙራይ ባሪክና ማይክል ማውንት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከአምስቱ ዋና ዋና የስብዕና ዘርፎች መካከል አንዱ፣ ሥራን በጥንቃቄና በኃላፊነት የመያዝ ጠባይ፣ በየሙያው ዓይነት ሁሉ ከሥራ ውጤት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ዝምድናው መጠነኛ ነው፤ ግን አለ። ካርቶኑን የከፈተችው ልጅ ያላት እርሱ አይደለም ወይ? ችግሩ ሰውየው ሥራ ፈላጊ ሆኖ ሳለ፣ የቤት ኪራይ እየጠበቀው፣ «ጠንቃቃ ነህ ወይ?» ብለን በወረቀት መጠየቃችን ነው። ምን እንዲል ትፈልጋላችሁ?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከነጥቤ ትንሽ ብወጣም። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተተረጎመ መጠይቅ አይቻለሁ። «በብዙ ሰው ፊት ስለ ራሴ ስኬት መናገር ያስደስተኛል» ይላል። ልጆቻችንን እንዴት ነው ያሳደግናቸው? ታላቅ ባለበት አትናገር፣ ራስህን አታወድስ፣ ሙያ በልብ ነው ብለን አይደለም? ከቤተሰቧ ይህን ተምራ የመጣች ልጅ «አልስማማም» ብላ ስትመልስ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ብለን እንጽፍባታለን። የጎደለው የእርሷ መተማመን አይደለም።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው፤ እዚህ ያመጣኝ ግን እርሱ ነው።

ከጎንደር ወይም ከጅማ ለፈተና የሚመጣ ልጅ የአውቶቡስ ተበድሮ ነው የሚመጣው። ከደረሰ በኋላ ፈተናው ተራዝሟል አትበሉት። ያልፈለጋችሁትን ሰው ዝም አትበሉት፤ ሁለት መስመር መልእክት ላኩለት፤ በየቀኑ ስልኩን እያየ ነው። ውጤቱን ማየት ከፈለገ አሳዩት።

አንድ ማየት የተሳነው ወጣት ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ ለፈተና መጥቶ ነበር፤ ሕግ የተማረ ነው። የምንፈትነው በወረቀት ነው፤ የሚያነብለት ሰው አላዘጋጀንም። ወንድሙ ያንብብለት ሲባል ኃላፊው «ኩረጃ ይሆናል» ብለው ከለከሉ። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ልጁ «ግድ የለም» ብሎ የወንድሙን ትከሻ ይዞ ወጣ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ያኔ ወጥቶ ነበር። እንደማላውቀው ሆንኩ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ በእያንዳንዱ የፈተና ማስታወቂያ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ አንባቢ፣ ተጨማሪ ሰዓት ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ቀድሞ ይንገረን። እባካችሁ። እባካችሁ ይህን ዛሬ ቢሮ ስትገቡ አድርጉት።

ደግሞም ትልቁን ፈተና ሕጉ ራሱ ሰጥቶናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። 60 የሥራ ቀን ምን ያህል እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሲደክም፣ ሲቸኩል፣ ሲሳሳትና ስህተቱን ሲነገረው የሚያሳየውን ጠባይ ሁሉ ታዩበታላችሁ። እኛ ግን ሰውን በ120 ጥያቄ ስናስጨንቅ ከርመን፣ ካስገባነው በኋላ በ59ኛው ቀን ፎርም ፈልገን «አጥጋቢ» ብለን እንፈርማለን። በ15፣ በ30፣ በ45ኛው ቀን ከቅርብ አለቃው ጋር ሦስታችሁ ተቀመጡ። ምን እንደሚጠበቅበት በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ስጡት። ተመራቂዎች፣ እናንተም ካልሰጧችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያስቀጣም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ አስተባባሪዋ ወረቀት አሳየችኝ።

እነዚያን 12 ካርቶኖች ዛሬ ይዣቸው መጥቻለሁ። ሻይ ከሚቀዳበት ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ቢን ካርዱም፣ ደረሰኙም፣ መቁረጫውም አለ። የጎደለው የቱ ውስጥ እንደሆነ ቀይሬዋለሁ። ኃላፊዎች፣ ቀድማችሁ ግቡና ተረከቡ፣ መዝግቡ፣ ደርድሩ። ተመራቂዎች፣ የማረሚያ ወረቀቱ እናንተ ጋ ነው፤ ስማቸውን ሸፍናችሁ አርሙላቸው። 40 ደቂቃ አላቸው።

አመሰግናለሁ።